ከየትኛው አምና ጋር?

ምልልሱ የተካሄደው አሰላ ከተማ፣ የእርሻ ግብዓትና ሸቀጣ ሸቀጥ በጅምላ በሚያከፋፍል ቤት ውስጥ ነው። አዛውንቱ የቤቱ ሒሳብ ሹም ሆነው ኖረው ጡረታ ቢወጡም የበጀት ዓመት መዝጊያ ሲደርስ ዛሬም ይጠራሉ። ወጣቷ የቤቱን ሽያጭ በስክሪን ላይ የሚያሳየውን ዳሽቦርድ ታዘጋጃለች። በንግግራቸው መሀል የሚነሱት የሽያጭ መጠኖች ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

አዛውንቱ፦ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር»። ይህችን ሐረግ ስንት ስብሰባ ላይ እንደሰማኋት አትጠይቂኝ፣ ልጄ። ሪፖርት አቅራቢው ያነባታል፣ ሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ይጽፋታል። ወቅቱ በምን በምኑ ተመሳሰለ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አሁን ደግሞ ያንቺ ስክሪን በየሣጥኑ ላይ ለጥፏታል።

ወጣቷ፦ ስክሪኑ ምን ያድርግ፣ ጋሼ? የሚያውቀው ቀን መቁጠር ብቻ ነው። ቀመሩ የተመረጠውን ቀን ይወስዳል፣ አንድ ዓመት ወይም አንድ ወር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እዚያ ያገኘውን ሽያጭ ደምሮ ከአሁኑ ጎን ያስቀምጣል። ኤክሴል ላይ ኢዴት የሚባለውን ቀመር 12 ወር ቀንስ ቢሉት ይህንኑ ነው የሚሠራው። ፓወር ቢአይ ላይ ደግሞ ዴትአድ አለ፣ ሴም ፒሪየድ ላስት ይር አለ። ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ።

አዛውንቱ፦ በማን አቆጣጠር ነው የሚመለሱት?

ወጣቷ፦ በጎርጎርዮስ። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። የእኛ ኅዳር ኖቬምበር 10 ገብቶ ዲሴምበር 9 ያልቃል። «ያለፈውን ወር አምጣልኝ» ብለው ኖቬምበርን በሙሉ ያመጣልኛል፤ የጥቅምትን መጨረሻ ዘጠኝ ቀናት ጨምሮ፣ የኅዳርን መጨረሻ ዘጠኝ ቀናት ቆርጦ። የስንዴ አጨዳው በተፋፋመበት ሰሞን የዘጠኝ ቀን ሽያጭ ከወሩ ወጣ ማለት ቀላል አይደለም።

አዛውንቱ፦ እኛ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ስንሠራ የሒሳብ ወቅቶቹን በእጃችን ነበር የምንከፍታቸው። ሐምሌ 1 ብለን ጁላይ 8ን እንጽፍና እየቆጠርን እንሄዳለን። ጳጉሜን ለብቻዋ አንተዋትም፤ ነሐሴ ላይ እንደምራታለን። ደመወዝም በጳጉሜ የለ።

ወጣቷ፦ እርስዎ እንደዚያ ያደረጉት ጠቅሞኛል። ጳጉሜን እንደ አንድ ወር የቆጠርኳት እንደሆነ ቀመሩ ጉድ ያፈላል። ነሐሴ በ30 ቀን 900,000 ብር ሸጠ እንበል፤ ጳጉሜ በአምስት ቀን 250,000። ስክሪኑ «ሽያጭ በ72 በመቶ ወደቀ» ይላል። በቀን ሲካፈል ግን ነሐሴ 30,000፣ ጳጉሜ 50,000 ነው። ሰው ለዕንቁጣጣሽ ሲሸምት ሽያጩ በቀን በ67 በመቶ ጨምሯል። በመስከረም ደግሞ ግልባጩ ይመጣል፤ ምንም ሳይደረግ ሽያጩ ሰማይ የነካ ይመስላል።

አዛውንቱ፦ ጳጉሜ 6 የምትሆንበትስ ዓመት?

ወጣቷ፦ እሱ የባሰ ነው፤ ስህተቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜ 6 ሆነች። ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ቀመሩ ከዚያ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያርፈው መስከረም 2 ቀን 2015 ላይ ነው። የአዲስ ዓመትን ቀን ከማግስቱ ጋር አነጻጸረ ማለት ነው። መንሸራተቱ እስከ የካቲት 20 ድረስ ይቀጥላል፤ ፌብሩዋሪ 29 መጥታ ስታስተካክለው ያበቃል።

አዛውንቱ፦ ቆይ፣ ቆይ። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው እንጂ 29 አይደለም። ገናን እንዴት አደረግሽው?

ወጣቷ፦ ገና በሁለቱም ዓመት ጃንዋሪ 7 ላይ ስለዋለ በፈረንጁ ቀመር ልክ ይመጣል። ጥምቀት ግን ምንጊዜም ጥር 11 ነው፤ በ2016 ጃንዋሪ 20 ላይ ስለዋለ ቀመሩ ከአምናው ጥር 12 ጋር ያገናኘዋል። በፈረንጁ ብሄድ ገና ይገጥማል፣ ጥምቀት ይዛነፋል፤ በእኛ ብሄድ ጥምቀት ይገጥማል፣ ገና ይዛነፋል።

አዛውንቱ፦ ታዲያ ምን ላይ ቆምሽ?

ወጣቷ፦ ቀመሩ ራሱ እንዲያስብ መጠበቁን ተውኩት። የቀን ሠንጠረዥ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ዕለት አንድ መስመር፦ የፈረንጁ ቀን፣ የእኛ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት፣ የበጀት ዓመት። የበጀት ዓመቱ ለብቻው መጻፍ አለበት፤ የ2018 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ስለሆነ፣ በዓመተ ምሕረት ብቻ ከሄድኩ ሐምሌና ነሐሴ ወደማይመለከታቸው ዓመት ይሄዳሉ። ከዚያ ለወሮቹ ተከታታይ ቁጥር ሰጠሁ፤ ጳጉሜ የነሐሴን ቁጥር ትጋራለች። ቁጥሩ በዓመት መጨረሻ ወደ አንድ አይመለስም፣ እየጨመረ ይሄዳል። አሁን ያለፈውን ወር ሲፈልጉ ከቁጥሩ አንድ ይቀንሳሉ፤ የአምናን ተመሳሳይ ወር ሲፈልጉ 12 ይቀንሳሉ። ሌላ ብልሃት የለውም።

አዛውንቱ፦ ይህስ የሰነድ ቁጥር እንደማለት ነው፤ ገባኝ። ወሩ ሳያልቅስ? ሥራ አስኪያጁ በ12ኛው ቀን ስክሪኑን ከፍቶ ቢያይ?

ወጣቷ፦ የት እንደሚቆም ያልተነገረው ቀመር የ12 ቀን ሽያጭን ከአምናው ሙሉ ወር ጋር ያቆምና «ከግማሽ በታች ወርዳችኋል» ይላል። አምናም 12ኛው ቀን ላይ እንዲቆም ይታዘዛል። ይኼ ጥንቃቄ ቀላል ነው። እኔን ያስቸገረኝ የገበያ ቀን ነው። 30 ቀን ባለው ወር ውስጥ ከሰባቱ ዕለታት ሁለቱ አምስት ጊዜ ይመጣሉ፣ የቀሩት አራት አራት ጊዜ። ገበያችን ቅዳሜ ነው ካልን፣ የካቲት 2017 ቅዳሜ ገብቶ አምስት ቅዳሜዎች ነበሩት፤ የካቲት 2018 ደግሞ እሑድ ገብቶ አራት ብቻ። ገጠሬው በየቅዳሜው እኩል ገዝቶ እንኳ ወሩ ያነሰ ይመስላል።

አዛውንቱ፦ እሺ፣ እስካሁን ያልሽው ሁሉ የቀን መቁጠሪያ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱንም አግኝተሽለታል። አሁን የኔን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ቅቤና ዘይት የምንሸጠው በወር ስም ነው ወይስ በጾም?

ወጣቷ፦ በጾም ነው። ወደ ፋሲካ ሊያመጡኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

አዛውንቱ፦ ልጅ ሆኜ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፤ ባሕረ ሐሳብ ትንሽ ትንሽ አልረሳሁም። ወረቀት ስጪኝ። የ2019ን ፋሲካ እናውጣው። 5500 ሲደመርበት 7519። ለ19 ስናካፍለው 14 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 13። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 7። ከ14 ስላነሰ በጥቅምት ይውላል። የ2019 ጥቅምት 7 ምን ቀን ነው?

ወጣቷ፦ ቆይ ልይልዎት። ቅዳሜ።

አዛውንቱ፦ የቅዳሜ ተውሳክ 8። ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት፣ መባጃ ሐመር እሱ ነው። ጾመ ነነዌ የካቲት 15። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሪ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። በ2018 ስንት ላይ ነበር?

ወጣቷ፦ ሚያዝያ 4።

አዛውንቱ፦ የ20 ቀን ልዩነት። እንግዲህ ተመልከቺ። በ2018 የሚያዝያ የመጀመሪያ 15 ቀናት ውስጥ ሦስቱ የጾም ናቸው፣ የቀሩት ፋሲካና በዓለ ሃምሳ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። በ2019 ግን 15ቱም ቀን ዐቢይ ጾም ነው። ያንቺ ስክሪን የሚያዝያን አጋማሽ ከሚያዝያ አጋማሽ ጋር አነጻጽሮ ቅቤ ሞተ፣ ዘይት ተመነደገ ይላል። የተለወጠ ነገር አለ? የለም። ለ2018ቱ በዓል ደግሞ ሸመታው የተጀመረው በመጋቢት ስለሆነ መጋቢትም አብሮ ይበላሻል።

ወጣቷ፦ ለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ሌላ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ ከፋሲካ በፊት ስንት ቀን፣ ከፋሲካ በኋላ ስንት ቀን የሚል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም፤ ክልሉ የታወቀ ስለሆነ የብዙ ዓመት ቀን አስቀድሜ መሙላት እችላለሁ። ከዚያ ቅቤና እንቁላል ሲሆን ቀመሩ የወሩን ስም ትቶ «ፋሲካ ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው» የሚለውን ከአምናው ሰባት ቀን ጋር ያገናኛል። ለረመዳንና ለዒድም እንደዚሁ ነው፤ የሒጅራው ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። በአርሲ ደግሞ ይህንን የዘለለ የቴምርና የዱቄት ሪፖርት ሪፖርት አይደለም።

አዛውንቱ፦ በዓል እንኳ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ዝናብስ? ፀረ አረም የሚገዛው ገበሬ ቀን መቁጠሪያ አይቶ አይመጣም። ስንዴው በቅሎ፣ አረሙ አብሮ ብቅ ሲል ነው የሚመጣው። ዝናቡ በሰኔ ቀደም ብሎ ከጣለ ሱቁ በሐምሌ ይጨናነቃል። ሁለት ሳምንት ከዘገየ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በነሐሴ ይመጣል።

ወጣቷ፦ ሐምሌ ላይ ቀይ ቀስት፣ ነሐሴ ላይ አረንጓዴ ቀስት።

አዛውንቱ፦ በሐምሌው ቀይ የደነገጠ ሥራ አስኪያጅ ትእዛዙን ይሰርዛል። ነሐሴ ሲመጣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ቀስቷ ዋጋ የምታስከፍለው እንዲህ ነው።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ለፀረ አረም የወር ንጽጽር አላሳይም። ከሰኔ 1 ጀምሮ እየተደመረ የሚሄድ ድምር አሳያለሁ፤ የዘንድሮውን መስመር ከአምናውና ከካቻምናው መስመር ጋር ጎን ለጎን። ዝናብ ሲዘገይ የዘንድሮው መስመር ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ግን ቅርጹ ያው ነው። ሰው በዓይኑ አይቶ «ዘገየ እንጂ አልጠፋም» ማለት ይችላል። ከፍታውንም መለየት ፈልጌ ነበር። የኢተያ ገበሬና የበቆጂ ገበሬ የሚዘሩት በአንድ ሳምንት አይደለም፤ ጭላሎ ተራራ ሥር ያለው ቆላው ላይ ካለው ይለያል።

አዛውንቱ፦ ጥሩ ነው፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ለዪው። ግን አምና ራሱ የተበላሸ ዓመት ከሆነስ? በ2002 ክረምት የተነሳውን ቢጫ ዋግ አንቺ አትደርሺበትም። ኩብሳና ገለማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ነበር የለበለባቸው። ገበሬው ሁሉ የፀረ ዋግ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ነበር። በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ መጣ፤ አርሲና ባሌ ላይ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ጣለው። የዋግ ዓመት ሽያጭ ለሚቃጠል ቤት ውኃ እንደ መሸጥ ነው። በማግሥቱ ዓመት ያንን «አምና» ብለሽ ብታስቀምጪው ደህናው ዓመት ውድቀት ይመስላል።

ወጣቷ፦ ለዚህ አንድ ዓመት ብቻ ወደ ኋላ መሄድ አይበቃም። የአምስት ዓመት ቁጥሮችን በቅደም ተከተል ደርድሬ መካከለኛውን እወስዳለሁ። አማካይ ብወስድ የዋጉ ዓመት ብቻውን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ መካከለኛው ግን አይነቃነቅም። ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ላልሞላ ዕቃዎች ደግሞ ንጽጽሩን ባዶ እተወዋለሁ። አምና ያልተሸጠ ዕቃ ላይ ቀመሩ በዜሮ ሲያካፍል ስህተት ያወጣል፤ ስህተቱን ለመሸፈን «100 በመቶ ዕድገት» ብሎ መሙላት ደግሞ ውሸት ነው።

አዛውንቱ፦ ብሩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ባንኮች ምንዛሪውን በገበያ እንዲወስኑ ሲፈቀድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የኮምባይነር መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው።

ወጣቷ፦ እሱን በቁጥር ላሳይዎት። አምና 100 ቺንጋ በ4,000 ብር ሸጥን እንበል፤ 400,000 ብር። ዘንድሮ 70 ቺንጋ በ7,000 ብር፤ 490,000። ስክሪኑ «22.5 በመቶ ዕድገት» ብሎ አረንጓዴ ያበራል። የተሸጠው ቺንጋ ግን በ30 በመቶ ቀንሷል። ባለቤቱ በብሩ ተደስቶ ሳለ 30 ደንበኛ ሌላ ሱቅ ገብቷል፤ ወይም አሮጌውን ቺንጋ አስጠግኖ አጨዳውን ጨርሷል።

አዛውንቱ፦ በድሮው መዝገብ ብዛትና ብር ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱን ያለ ሌላው አናነብም።

ወጣቷ፦ አሁንም እንደዚያ ነው የማደርገው። ብሩ ከላይ፣ ብዛቱ ከሥሩ፤ ኩንታል የሆነው በኩንታል፣ ሊትር የሆነው በሊትር። ሁለቱ ቀስቶች ከተቃረኑ ቀለም አይኖርም።

አዛውንቱ፦ እስቲ ሰብስቢልኝ። ስንት አምና አለን ማለት ነው?

ወጣቷ፦ ለታክስና ለሒሳብ መዝጊያ የወሩ አምና፤ ሐምሌ ከሐምሌ፣ ጳጉሜ ነሐሴ ላይ ተደምራ። ለበዓል ሸቀጥ የፋሲካና የዒድ አምና። ለፀረ አረምና ለዘር የክረምቱ አምና፣ እየተደመረ። ለመለዋወጫ የአጨዳው አምና፣ በብዛት ተቆጥሮ። ለየዕለቱ የሱቅ ሽያጭ የገበያ ቀን አምና፣ ቅዳሜ ከቅዳሜ። ለፀረ ዋግ ደግሞ የአምስት ዓመት መካከለኛ። እያንዳንዱ ሣጥን ሥር በትንሽ ፊደል ከየትኛው ጋር እንደተነጻጸረ ይጻፋል።

አዛውንቱ፦ አሁን ነው ሥጋት የገባኝ።

ወጣቷ፦ ምነው ጋሼ? ሲጠይቁኝ የነበረው ይኼንኑ አይደል?

አዛውንቱ፦ ነው። ግን አንድ አምና ብቻ ሲኖር ማንም አይሸሸውም፤ ክፉም ሆነ ደግ ቁጥሩ እዚያው ነው። ስድስት አምና ለሥራ አስኪያጅ ስትሰጪው የሚያስመሰግነውን ይመርጣል። ሽያጭ ሲወርድ «ዝናቡ ዘግይቶ ነው፣ በድምር እዩልኝ» ይላል። ድምሩም ሲወርድ «አምና ያልተለመደ ዓመት ነበር፣ በመካከለኛው እዩልኝ» ይላል። መካከለኛውም ሲያጋልጠው ወደ ብሩ ይዞራል፤ ብሩ መቼም አያሳፍረውም። እኔ በዘመኔ ይህንን ያለ ኮምፒውተር ሲያደርጉት አይቻለሁ። አንቺ በአንድ ጠቅታ እንዲያደርጉት አቀለልሽላቸው።

ወጣቷ፦ መምረጫውን ልዝጋው እንዴ? አሁን ስክሪኑ ላይ ተጠቃሚው ራሱ የሚቀያይረው ቁልፍ አለ።

አዛውንቱ፦ ዝጊው። የትኛው ዕቃ ከየትኛው አምና ጋር እንደሚነጻጸር ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት፣ የአዲሱ ዓመት አንድም ደረሰኝ ሳይቆረጥ፣ ይወሰን። ባለቤቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ የየቅርንጫፉ ኃላፊም በወረቀት ይፈርሙበት። እስከ ሰኔ 30 ማንም አይነካውም።

ወጣቷ፦ በመሀል አዲስ ነገር ቢመጣስ? ዋግ ቢነሳ፣ ምንዛሪ ቢለወጥ?

አዛውንቱ፦ የመጣውን ነገር ከቁጥሩ ጎን በማስታወሻ ጻፊው፤ ማንበብ የሚችል ያነበዋል። አምናውን ግን አትቀይሪ። ምክንያት ሁልጊዜ ይገኛል፤ ሽያጩ በጨመረበት ወር ግን ምክንያት ይዞ «አምናዬን ቀይሩልኝ» ብሎ የመጣ አንድም ኃላፊ አላየሁም።

ወጣቷ፦ ስድስቱን በአንድ ገጽ አድርጌ አትሜ አመጣለሁ። የፊርማውን ቦታ ከታች ነው የማደርገው?

አዛውንቱ፦ ከላይ አድርጊው። ከታች ያለውን ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት።